በወርሃዊ ክፍያ የሚታዩ ዘጋቢ ፊልሞች፦ ምስሉ ጠርቷል፣ ማስረጃው ደፍርሷል

በወርሃዊ ክፍያ የምናያቸው ዘጋቢ ፊልሞች በካሜራ ጥራት አይታሙም። የሚታሙት ተመልካቹ የትኛው ምስል በዕለቱ የተቀረጸ፣ የትኛው ኋላ የተሠራ እንደሆነ እንዳይለይ በማድረጋቸው ነው።

በተለይ የወንጀል ታሪኮች በተዋናይ የሚሠሩ ትዕይንቶችን ያበዛሉ። ትዕይንቱ በራሱ ነውር የለበትም። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ኤሮል ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1988 በወጣው «ዘ ቲን ብሉ ላይን» በተባለው ዘጋቢ ፊልሙ የአንድ ፖሊስን መገደል ደጋግሞ በተዋናይ አሳይቷል፤ ነገር ግን ምስክሩ ሲለወጥ ትዕይንቱም ይለወጣል፣ ተመልካቹም የምስክሩን ቃል እንጂ እውነቱን እያየ እንዳልሆነ ይገባዋል። የዛሬዎቹ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ ይዘው፣ ቀረጻውን አደብዝዘውና አዘግይተው ከእውነተኛ የፖሊስ ካሜራ ምስል ጋር ይሰፉታል፤ ስፌቱ አይታይም። መፍትሔው ወጪ የለውም፦ ትዕይንቱ እስኪያልቅ ጥግ ላይ «በተዋናይ የቀረበ» የሚል ጽሑፍ ይቀመጥ። ሦስት ሰከንድ ታይቶ የሚጠፋ ጽሑፍ፣ ስልኩን እየነካካ ለሚያይ ተመልካች እንደሌለ ይቆጠራል።

ድምፅም ከዚህ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2021 ስለ አሜሪካዊው የምግብ ባለሙያና የቴሌቪዥን አቅራቢ አንቶኒ ቦርዴይን የወጣው ፊልም፣ ሟቹ በኢሜይል የጻፈውን ቃል በሰው ሠራሽ አስተውሎት በተሠራ የራሱ ድምፅ አስነብቧል። ፊልሙ ውስጥ ይህን የሚገልጽ ነገር አልነበረም፤ የታወቀው ዳይሬክተሩ በቃለ መጠይቅ ሲናገር ነው።

የቆዩ ምስሎች አያያዝ ደግሞ ያሳዝናል። የድሮ ቴሌቪዥን ቀረጻ 4 በ3 (ወርዱ 4 ሲሆን ቁመቱ 3) ነው። የ16 በ9 ስክሪን እንዲሞላ ሲለጠጥ ፊት ይሰፋል፤ ሲቆረጥ ከቁመቱ ሩቡ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ቀኑ የተጻፈበት ጥግ አብሮ ይሄዳል። ግራና ቀኙን ጥቁር መተው ምን ይጎዳል? በሰከንድ 16 ወይም 18 ፍሬም (ነጠላ ምስል) የተቀረጸ ድምፅ አልባ ፊልም በ24 ሲታይም ሰዎቹ እየተጣደፉ የሚሮጡ ይመስላሉ። በኮምፒውተር «ማጥራት» ከዚህ ይብሳል፤ ፕሮግራሙ ያልነበረ የቆዳ መስመርና የዓይን ቅርጽ እየገመተ ይሞላል።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ የ90 ደቂቃ ጉዳይ ስድስት ክፍል ሲደረግ ያስታውቃል፦ በድሮን ከሰማይ የተቀረጸው ያው ምስል ይመላለሳል፣ የባለፈው ክፍል ክለሳ ይረዝማል፣ ወሳኙ ሰነድ ዳይሬክተሩ ከመጀመሪያው በእጁ እያለ አምስተኛው ክፍል ላይ «ይገኛል»።