አማካሪ ስትቀጥሩ ቀበሌ የሚወርደው ማን እንደሆነ ጠይቁ

ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ትንሽ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። በሰሜን ሸዋ ገጠር ቀበሌዎች ከሕፃናትና ከሴቶች ጋር እንሠራለን። እስካሁን ሁለት ጊዜ አማካሪ ቀጥረናል፣ ሁለቱም ጊዜ ለተመሳሳይ ሥራ፦ ማኅበረሰቡ ልጆቹን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ የት ላይ እንደሚያቅተው፣ ሴቶቹ ደግሞ ምን ሥልጠና እንደሚያስፈልጋቸው አጥንቶ ለማቅረብ። የመጀመሪያው ገንዘባችንንም ጊዜያችንንም በላው። ሁለተኛዋ እስከ ዛሬ የምንሠራበትን ነገር ሰጥታን ሄደች። ከሌሎች ወረዳዎች የሚደውሉልኝ የሥራ ባልደረቦች "ማንን እንቅጠር?" ስለሚሉኝ ያየሁትን ልጻፈው። ስም ግን አልጠራም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጨረታ አወጣን፣ ለቴክኒካሉ 70፣ ለዋጋው 30 ነጥብ ሰጠን። ያሸነፈው አዲስ አበባ ያለ አማካሪ ድርጅት ነው። ሲቪው ብቻ 40 ገጽ ይሆናል። ዶክተር አለ፣ ማስተርስ ያላቸው ሁለት ባለሙያዎች አሉ፣ ከዚህ በፊት የሠሩት ሥራ ዝርዝር አያልቅም። ደስ ብሎን ፈረምን። የሥራው ቀን ሲደርስ የመጡት ግን ስማቸው ፕሮፖዛሉ ላይ የሌለ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ዶክተሩን አንድ ቀን በስልክ አገኘነው፣ ከዚያ ወዲያ ያየነው የክፍያ መጠየቂያው ላይ ያለውን ፊርማውን ነው። በልጆቹ አልፈርድም። ታብሌት ይዛችሁ ሂዱ፣ በቀን ይህን ያህል ሰው ጠይቁ ተብለው ነው የተላኩት።

ውሉ ላይ የመስክ ሥራው 12 ቀን ይላል። መንዝ ላይ ያደሩት ሦስት ቀን ነው። ዋናውን የቡድን ውይይት ደግሞ በገበያ ቀን ጠሩት፣ የገጠር ሴት በገበያ ቀን ቤቷ እንደማትገኝ ማንንም ሳይጠይቁ። የመጡት ለየስብሰባው የሚጠሩት እነዚያው የልማት ቡድን መሪዎች ናቸው። አማትና ምራት ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ተጠየቁ። ምራቲቱ ምን ብላ ትመልስ? መሬት እያየች "ደህና ነን" አለች፣ ተጻፈ፣ ታለፈ።

ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ያየሁት ነው። ጠያቂው ስድስት ሰባት ልጆች ሰብስቦ፣ መምህራቸው አጠገባቸው ቆሞ እየሰማ፣ "ቤት ውስጥ ይመቱሃል? ማን ነው የሚመታህ?" እያለ በየተራ ይጠይቃል። አንድ የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ከቶ ያኝካል። ተራው ሲደርስ ጭራሽ አጎነበሰ። ሄጄ አስቆምኩት። በኋላ ለብቻው ወስጄ "ልጁ አዎ ቢልህ ለማን ነበር የምትነግርለት?" ስለው ዝም አለኝ። አላሰበበትም፣ የላከውም አካል አልነገረውም። ልጁ እኮ ማታ የሚመለሰው ወደዚያው ቤት ነው። ልጅን እንዲህ አስጨንቆ የሚሠራ የሕፃናት ጥበቃ ጥናት ባይሠራ ይሻላል።

ሪፖርቱ ከ90 ገጽ በላይ ሆኖ በእንግሊዝኛ መጣ። ሳነበው የመንዝን ሰው አርብቶ አደር ይለዋል፣ በድርቅ ጊዜ ግመሎቹን ይዞ እንደሚሰደድ ይተርካል። መንዝ እኮ ከ3000 ሜትር በላይ የሆነ ውርጭ የሚመታው አገር ነው፣ ኑሮው ገብስና በግ ነው። ከሌላ አካባቢ ጥናት ገልብጠው ስሙን ብቻ ቀይረውታል። ሕጉ ላይ ደግሞ የሴት ልጅ ጋብቻ ዕድሜ 15 ነው ብለው ጻፉ። ያ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ጀምሮ ለሴትም ለወንድም 18 ነው፣ የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 648 ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ የሚያገባውን በእስራት ይቀጣል። ይህን ሪፖርት ይዤ ወረዳ ሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ብቀርብ ምን ይሉኛል? ለሴቶቹ የመከሩትም ልብስ ስፌት፣ የፀጉር ሥራና ዶሮ እርባታ ነው። ሦስት ሺህ ሜትር ላይ፣ ከአስፋልት በእግር ሦስት ሰዓት ርቆ፣ የማንን ፀጉር ሠርተው ይበላሉ?

የመጨረሻውን ክፍያ ያዝንባቸው፣ ተጨቃጨቅን፣ በመጨረሻ ከፈልን። ከአምስት ኮከብ ብሰጥ ለእነዚህ አንድ ነው፣ እሱንም ለሁለቱ ወጣቶች ድካም።

ለሁለተኛው ዙር ቲኦአሩን፣ ማለትም ከአማካሪው የምንፈልገውን ሥራ የሚዘረዝረውን ሰነድ፣ እንደ አዲስ ጻፍነው። ሲቪው ላይ ያለው ሰው ራሱ ቀበሌ እንዲወርድ፣ ከቀረ ውሉ እንዲፈርስ አደረግን። ከተወዳዳሪዎቹ ጋር ፊት ለፊት ቁጭ ብለን "አንድ ልጅ በጥያቄ መሀል የደረሰበትን ጥቃት ቢነግራችሁ በዚያው ቀን ምን ታደርጋላችሁ?" ብለን ጠየቅናቸው። ሁለቱ ስለ ምስጢር አጠባበቅ ደህና አድርገው ተናገሩ። አንዷ ግን በጥያቄ መለሰችልን፦ "ቀበሌው አጠገብ ያለው ጤና ጣቢያ የትኛው ነው? የወረዳው ማኅበራዊ ሠራተኛ ስልክ አላችሁ? ፖሊስ ጣቢያው ሴት መርማሪ አለው?" እሷን ቀጠርናት። ዋጋዋ ከመጀመሪያዎቹ አንድ ተኩል እጥፍ ነበር፣ ቦርዱን ማሳመን ቀላል አልሆነም።

መጀመሪያ ያለ መጠይቅ ሁለት ቀን መጥታ ዞር ዞር ብላ ነው የሄደችው። ሴቶቹ መቼ እጃቸው እንደሚፈታ ጠየቀች። ደጋው ላይ በ12 ሚካኤልና በ21 ማርያም ሞፈር ቀንበር አይነሳም፣ ስለዚህ ውይይቶቹን ከቅዳሴ በኋላ አደረገቻቸው። ቆላው ላይ፣ ሸዋ ሮቢት በኩል፣ ሙስሊም እናቶች ስላሉ ዓርብን አልነካችም። አማቶችን ለብቻ፣ ምራቶችን ለብቻ አስቀመጠች።

አንድ ቤት አብሬያት ገብቼ ነበር። እትዬ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብለው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ። መንዝ ላይ ሴቷ ትፈትላለች፣ ወንዱ ባናውን ይሸምናል። ጥግ ላይ በማዳበሪያ ጆንያ የተሸፈነ የስፌት መኪና አለ፣ በላዩ ላይ የገብስ ቁና ተቀምጦበታል። ምን መሠልጠን እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ "ልብስ ስፌት" አሉ ሳያመነቱ። እኔ ብሆን እጽፈው ነበር። እሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና "እሱ ይቆየን እትዬ፣ ትናንት ከእንቅልፍዎ ከተነሱ ጀምሮ የዋሉበትን ይንገሩኝ እስቲ" አለቻቸው። ውኃው፣ ኩበቱ፣ በጎቹ፣ ማታ ደግሞ እንዝርቱ። ፈትሉን ማን ይገዛል? ነጋዴው። በስንት? እሱ ባለው። ገንዘቡስ? በቴሌብር ይገባል። እዚህ ላይ ስልካቸውን ከመቀነታቸው አውጥተው አሳዩን። መልእክቱን የሚያነብላቸው ልጃቸው ነው፣ እሱ ከሌለ ደግሞ ራሱ ነጋዴው። "መቶውንና ሺሁን ለይቼ ባነበው ሌላ ምን እፈልጋለሁ" አሉ። የስፌት መኪናውን ከሌላ ድርጅት ነበር ያገኙት፣ መርፌው ሲሰበር መለወጫ ጠፍቶ ቆመ። ስፌት ያሉትም ድርጅት ሲመጣ የሚሰጠው እሱ ስለሆነ ነው። በኋላ በብዙ ቤት ይኸው ተደገመ። ዋናው ምክረ ሐሳቧ ቁጥርና ሚዛን ማንበብ፣ ስልክ መጠቀም፣ ፈትልን በጋራ መሸጥ ሆነ።

ልጆቹ ጋ መጠይቅ አላወጣችም። እረኞቹን ሜዳ ላይ አስቀምጣ መንደራቸውን በድንጋይና በእንጨት መሬት ላይ እንዲሠሩት አደረገች፣ ደስ የሚላችሁ ቦታ ላይ ሣር፣ የምትፈሩት ቦታ ላይ ጥቁር ድንጋይ አድርጉ አለቻቸው። ማንም ማን መታህ አልተባለም። ሴቶቹ ልጆች ለብቻ ነበሩ። የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፣ ጥቁር ድንጋያቸውን በሙሉ ከመንደሩ ውጪ ወስደው ከመሩት። ምንድነው ይሄ ስትላቸው "ከተማ ነው" አሉ። 8ኛ ክፍልን ሲጨርሱ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ወረዳው ከተማ ነው። በ14 በ15 ዓመታቸው ቤት ተከራይተው ለብቻቸው ይኖራሉ፣ በየሳምንቱ ቆሎና በሶ፣ ድርቆሽ ተሸክመው በእግር ይመላለሳሉ። አንዷ ስለ ታላቅ እህቷ ስትናገር "በሩ ቁልፍ የለውም፣ ማታ ማታ በእንጨት ትደግፈዋለች" አለች።

እኔ እዚህ አገር ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ ራሴም ተከራይቼ ነው የተማርኩት፣ ግን ይህን ከሕፃናት ጥበቃ ጋር አያይዤው አላውቅም ነበር። አባቶችን ስናነጋግር ያለዕድሜ ጋብቻ ድሮ ቀርቷል ይሉ ነበር። እሷ ይህንን ይዛ ተመልሳ ሄዳ "ልጅዎን ከተማ ለብቻዋ ከመስደድ ምን ይመርጣሉ?" ብላ ስትጠይቅ ነገሩ ወጣ። አንዳንዱ መዳር ይሻላል አለ፣ አንዳንዱ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ለሠራተኝነት መላክ። የኪራይ ቤቱ ፍርሃት ከትዳሩም ከስደቱም ጀርባ ነበረ። የመጀመሪያዎቹ በ90 ገጽ "ግንዛቤ ማስጨበጫ ይሰጥ" ብለው ያለፉት እዚህ ጋ ነው።

በጥናቱ መሀል አንድ ጉዳይ ወጥቶ ነበር። ዝርዝሩን አልጽፍም። አማካሪዋ ሥራውን አቁማ በዚያው ቀን ባለጉዳዮቹን ከማኅበራዊ ሠራተኛዋ ጋር አስገናኘቻቸው፣ ለእኛም የነገረችን ማወቅ የሚገባንን ብቻ ነው።

እንከን አላጣባትም። ሪፖርቱ ሦስት ሳምንት ዘገየ። መንገድ ሁለት ጊዜ በፀጥታ ምክንያት ተዘግቶብን ስለነበር አንዱን ሳምንት አልቆጥርባትም፣ የቀረው ግን የእሷ ነው። የቆላው ክፍል ስስ ነው፤ ሽንኩርትና ማሾ ማሳ ላይ በቀን ሥራ ስለሚውሉት ልጆች ሁለት ገጽ ብቻ ነው ያለው፣ እዚያ ተጨማሪ ሦስት ቀን ያስፈልግ ነበር። የሥልጠናው የወጪ ግምትም ከገበያው ጋር አይገናኝም፣ እንደገና ሠራነው። እሷም ብትሆን መጀመሪያ ያስረከበችው በእንግሊዝኛ ነው። ለቀበሌና ለእድር ዳኞች የሚሆን የአማርኛ ማጠቃለያ በውሉ አልነበረም፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ለምነናት ጻፈችው። ግኝቱን እድር ላይ ራሷ ቆማ ስታነብ ሁለት ሽማግሌዎች ተቃወሙ፣ ሁለት ቦታ ላይ አረሙት፣ እሷም እርማቱን አስገባችው። አራት ኮከብ እሰጣታለሁ።

በዚያ ጥናት ላይ ተነስተን ዘንድሮ የመጀመሪያውን ገንዘብ ያዋልነው ከአከራዮች ጋር ተነጋግረን የተማሪዎቹን በር ለማስጠገንና ቁልፍ ለመግዛት ነው። በበጀት ርዕሳችን ውስጥ ቁልፍ የሚል መደብ ስላልነበረ ከለጋሹ ጋር ብዙ ተጻጽፈናል።

ቲኦአሩንና ውሉ ላይ ያስገባናቸውን አንቀጾች የምትፈልጉ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።