ቤዝ ጊታራችሁ የታመመባችሁ ሁሉ፣ እኒህን ሰው ፈልጉ

ይህን ጽሑፍ ሦስት ሳምንት አዘግይቼዋለሁ። እሳቸው «ተው አትጻፍ፣ ሥራ ይበዛብኛል» ስላሉኝ ነው። ይቅርታ ጋሼ፣ አልቻልኩም።

ቤዝ ተጫዋች ነኝ። የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን በካሴት እየሰማሁ ጣቴን ያፍታታሁ፣ ዛሬም እንጀራዬን ከሠርግና ከሆቴል ምሽት የምቆርስ ሰው ነኝ። ያለችኝ አንዲት ጃፓን ሠራሽ ቤዝ ናት፤ አሥራ አራት ዓመት አብራኝ ኖራለች። ባለፈው ኅዳር እንደ ንብ ቀፎ እዝዝ ማለት ጀመረች። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ታዳሚው ጸጥ ሲል ጎልቶ የሚሰማው የእኔ ንብ ነው። ከሀፍረት የተነሳ ከከበሮው ጀርባ ቆሜ የተጫወትኩበት ምሽት አለ።

የመጀመሪያው ጠጋኝ «ፒክአፑ ሞቷል» አለኝ፤ ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን የሚይዘውን ዕቃ ማለቱ ነው። ወር ሙሉ አመላልሶ አዲስ የሚያብለጨልጭ ፒክአፕ ገጠመልኝ፤ ቀዳዳው ስላልበቃው እንጨቱን በመሮ ፈልፍሎ። አሮጌውስ ብለው «ጣልኩት» አለ። ያን የመሰለ ፒክአፕ ቆሻሻ ውስጥ እንደማይጣል እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ንቧ ግን የትም አልሄደችም። ሁለተኛው ደግሞ ጥፋቱ የሆቴሉ መብራት ነው ብሎ አሰናበተኝ፤ ለዚህች ምርመራም ከፍዬ ወጣሁ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ጥር ሲቃረብ፣ ሠርጉ ተደራርቦ ሳለ፣ ከበሮ መቺያችን ሽሮ ሜዳ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አናጢ ላከኝ። የቤት ዕቃ ይሠራሉ፣ ክራር ይሠራሉ፣ ከዚያ ጎን ደግሞ ቤዝ ጊታር። «አናጢ ምን ያውቃል» እያልኩ ነው የሄድኩት፤ አልዋሽም።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሬዲዮናቸውን መዝጋት ነበር። ቤዟን ከትንሽዬ አምፕሊፋየር ጋር አያይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጧት። ክሮቹን ነኩ፤ እዝዝታው እንዳለ ነው። ገመዱ የሚሰካበትን ብረት በአንድ ጣት ነኩ፤ ጸጥ! «ይኸው» አሉ። ክሮቹ የሚታሰሩበትን ብረት ፈትተው ሲያነሱት፣ ከሥሩ ከፀጉር ብዙም የማትወፍር ሽቦ ተበጥሳ ኖሯል። በየዷት። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያቺ ሽቦ ምን እንደምትሠራ አስረድተውኝ ነበር፤ አልገባኝም፣ እንደገባኝ ሆኜ ግን ራሴን ነቀነቅኩ። ሁለት ወር ሙሉ ያሳፈረችኝ ይህች ናት!

ኪሴ ስገባ እጄን ያዙኝ። «ለአንዲት ሽቦ? ተው ልጄ።» ከዚያ አውራ ጣታቸው በመሮ የተፈለፈለው ቦታ ላይ ደረሰ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «ማን ነው እንዲህ ያረዳት?» ስም አልጠራሁም፤ እዚህም አልጠራም።

«እንዲህ ሆና አትሄድም፣ ሙጫው እስኪደርቅ እኔ ዘንድ ትቆይ» አሉ። ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ ስል፣ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የራሳቸውን ሥራ አውርደው ሰጡኝ። ገላው ዋንዛ ነው፣ ያው ከበሮ የሚፈለፈልበት እንጨት። ጣት የሚያርፍበት ደግሞ ወይራ። እና ፍሬት፣ ያ አንገቱ ላይ ተደርድሮ ጣትን የሚመራው ቀጭን ብረት፣ የለውም! ላብ አጠመቀኝ። እሳቸው ሳቁ፤ ፌንደር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1951 ያወጣውን ቤዝ «ፕሪሲዥን» ያለው እኮ ፍሬቱ ድምፁን ሳያዛንፍ ስለሚያስመታ ነው፣ «ግን መሲንቆ ፍሬት አለው እንዴ?» አሉኝ። ደንግጬ መቅረቴን ሲያዩ ሜትራቸውን አወጡ፤ 86 ሴንቲሜትር ከምናምን የሚሆነውን የክሩን ርዝመት ለክተው፣ የክብሪት እንጨት ነጭ ቀለም ውስጥ እየነከሩ፣ እኔ ብቻ በማየው የአንገቱ ጠርዝ ላይ ነጥብ ነጥብ አደረጉልኝ። ለማያውቁት ሰው፣ በተዋሱት ሳይሆን ባዋሱት ዕቃ ላይ!

ቅዳሜ አምባሰል ላይ ስንደርስ ጣቴን ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው አንሸራተትኩ። ዘፋኟ ዘወር ብላ አየችኝ። በስንት ዓመቷ!

የእኔዋ አሁን ድና ተመልሳለች፤ የመሮው ቁስል የት እንደነበር ፈልጌ አጣሁት። ለዚያ ሥራ ተቀበሉኝ፣ ዋጋውም የመጀመሪያው ሰው ከወሰደብኝ ግማሽ አይሞላም። ፍሬት የሌለው አዲስ ቤዝም አዝዣለሁ፤ ቀብዱን ለምኜ ነው ያስያዝኩት።

ሙዚቀኞች፣ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን፣ ልጃችሁ ጊታር የሚማርላችሁ ወላጆች፣ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን ከመበተናችሁ በፊት እሳቸው ዘንድ ሂዱ። እባካችሁ ሂዱ። አድራሻውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አስፈቅጄያቸዋለሁ። ሙጫ እየቀቡ ከሆነ ስልክ አያነሱም፤ አትቀየሟቸው፣ ደግማችሁ ደውሉ። ወረፋው ላይ ግን ከእኔ ኋላ ናችሁ፤ የእኔው ዋንዛ ገና እየደረቀ ነው።