የአመጋገብ ምክር አገልግሎት በጅማ

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ የሚሰጠው የአመጋገብ ምክር፣ ክብደት መቀነስ ለሚፈልግ ሰው በእጅጉ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ባለሙያዋ በቀን ሁለቴም ተበላ ስድስቴ፣ አጠቃላይ የካሎሪው መጠን እስካልተለወጠ ድረስ በክብደት ላይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት እንደማይመጣ በትዕግሥት ያስረዳሉ፤ ቶሎ ቶሎ መብላት ስብ ያቃጥላል የሚለው ወሬ ሥር የሰደደ ስለሆነ ይህ ሊመሰገን ይገባል።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ቁሌት ውስጥ የሚገባውን ዘይት በሾርባ ማንኪያ እየለኩ ማሳየታቸው ነው። አንዱ ማንኪያ ወደ 120 ካሎሪ ስለሚይዝ፣ አንድ ሰው ከዕለት ድርሻው ሦስት ማንኪያ ቢቀንስ 360 ካሎሪ ይቀርለታል፤ በቀን እንዲቀነስ ከሚመከረው 500 ካሎሪ አብዛኛው ከዚሁ ተገኘ ማለት ነው። ቡናን ያለ ስኳር መጠጣትም፣ አቦል፣ ቶናና በረካ ለማይቀርበት የጅማ ሰው፣ ቀላል ድርሻ የለውም።

በእጅ የሚሰጠው የምግብ ዝርዝር ግን ደካማ ነው። አጃና ብሮኮሊ እየደረደረ ጎመንና ቦሎቄን ይዘላል፤ እንጀራንም በግራም ብቻ ስለሚያስቀምጥ ሚዛን ለሌለው ቤት አይመችም፤ ግማሽ ወይም አንድ እንጀራ ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል። መድኃኒት የሚወስዱ የስኳር ሕመምተኞችን ግን ሐኪም ሳያያቸው የምግብ ሰዓታቸውን እንዳይቀይሩ ማሳሰባቸው ኃላፊነት የተሞላበት አሠራር ነው።