ሞተር ከተቀየረ በኋላ የሚነዝር ሂሉክስ፦ አዲስ አበባ የገባሁባቸው ጋራዦች

ዘንድሮ አዲስ አበባ ከዘመድ ቤት ቀጥሎ ብዙ የቆየሁበት ቦታ ጋራዥ ነው። ስለዚህ ስለ ሆቴልና ስለ ክትፎ ቤት ሌላ ሰው ይጻፍ።

ወንድሜ አሮጌ ዲዝል ሂሉክስ አለው። 2ኤል የሚባለው 2.4 ሊትር ሞተሩ አልቆለት፣ እኔ ከመምጣቴ በፊት ከዱባይ በመጣ 3 ሊትር 5ኤል ከነካምቢዮው (ከነማርሽ ሳጥኑ) አስቀይሮታል። ጉልበቱ ሌላ ሆኗል፣ ዳገት አይፈራም። ግን ከ70 ሲያልፍ ወለሉ ይነዝራል። 90 ሲደርስ በኋላ ማያ መስታወቱ የሚከተልህን መኪና መለየት አትችልም። ቨርጂኒያ መኪናዬን የምጠግነው ራሴ ነኝ። እንዲህ ዓይነት ነገር ደግሞ እንቅልፍ ይነሳኛል። ቁልፉን ተቀበልኩ።

መጀመሪያ የሄድነው ሳሪስ አካባቢ ያለ ጎማ ቤት ነው። መስተንግዷቸው ጥሩ ነው፣ ወረፋም አያስጠብቁም። አራቱንም ጎማ ባላንስ አድርገው ማሽኑ ላይ ዜሮ ሲመጣ ጠርተው አሳዩኝ። ንዝረቱ ግን ያው ነው። አልፈርድባቸውም፣ የታዘዙትን ሠርተዋል። የፊት ጎማ ባላንስ ሲያጣ ብዙውን ጊዜ መሪው ላይ ነው የሚታወቀው፤ እኛ ጋ መሪው ጭጭ ብሎ ወንበሩ ነበር የሚያንዘፈዝፈን።

ቀጥሎ ሞተሩን ወደቀየረው ጋራዥ ተመለስን። ስሙን አልጠራም። ቁልፉ በእጄ እያለ መካኒኩ የሚያወራው ከወንድሜ ጋር ነው። እኔ ስጠይቅ «አይዞሽ እህቴ፣ ሞተሩ ገና ነው፣ ሲለምድ ይተዋል» ይለኛል። ሞተር ምን እንደሚለምድ አላውቅም። አጥብቀን ስንይዘው «እንግዲያው ክሮቼራ ነው፣ ገዝታችሁ ኑ» አለ። ክሮቼራ ማለት ኃይል ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ዲፈረንሻል በሚያደርሰው ዘንግ፣ በሻፍቱ፣ ጫፎች ላይ ያለው የመስቀል ቅርጽ መታጠፊያ ነው። መኪናውን ግን አንድ ዙር እንኳ አልነዳውም።

የመኪና ዕቃ የሚሸጥበትን ሶማሌ ተራን የማያውቅ ዳያስፖራ ካለ ይሂድና ይይ። ክሮቼራ ስትል «ኦሪጅናል ነው ኮፒ?» ይሉሃል፤ የኛ ሻጭ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነቱን አሳየን። ለእሱ ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ። ችግሩ አሮጌው ክሮቼራ ሲፈታ ጤነኛ ሆኖ መገኘቱ ነው። ያለቀ ክሮቼራ በእጅ ሲወዘወዝ ክፍተት አለው፣ ቆቡ ዙሪያም ቀይ የዝገት ዱቄት ያወጣል። ይሄ አንዱም አልነበረውም። ቢሆንም አዲሱ ገባ፣ ሒሳብ ተቀበሉን፣ መኪናው እየነዘረ ወጣን።

ሦስተኛው ጎፋ አካባቢ፣ ቆርቆሮ አጥር ውስጥ ያለ ግቢ ነው። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፣ ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው። ኮፈኑን ልከፍት ስል «ተይው ልጄ፣ መጀመሪያ እንንዳው» አሉኝ።

በቃሊቲ አድርገን፣ በቱሉ ዲምቱ የአዳማው ፈጣን መንገድ ውስጥ ገባን። ጋሼ በ4ኛ ማርሽ 80 ያዙ። ነዘረ። ፍጥነቱን ሳይቀንሱ 5ኛ አስገቡ። የሞተሩ ዙር ወረደ፣ ንዝረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ማርሹን ዜሮ አድርገው ለቀቁት፤ ትንሽ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ዳር ይዘው ቆሙና ቤንዚኑን ረገጡት። መኪናው ዲዝል ቢሆንም ያንን ፔዳል ሁላችንም ቤንዚን ነው የምንለው። ሞተሩ ጮኸ፣ ወለሉ ጸጥ። «ሞተሩን ተዉት፣ ሻፍቱ ጋ ነው» አሉ።

4ኛን ብቻ ሞክረው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። በዚህ መኪና 4ኛ ማርሽ አንድ ለአንድ ነው፣ ሞተሩና ሻፍቱ እኩል ይዞራሉ። የሚለያዩት 5ኛ ላይ ነው።

ግቢ ተመልሰን መኪናው ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ላይ ወጣ። በስልኬ የማዕዘን መለኪያ ካምቢዮው መውጫ ላይ ለካሁ፣ ከዚያ ዲፈረንሻሉ ላይ። ዲፈረንሻሉ 4 ዲግሪ ያህል ወደ ላይ ያያል። ካምቢዮውም ጭራውን በዚያው ልክ ወደ ታች ማዘንበል ነበረበት። እሱ ግን ተጋድሟል። የካምቢዮው ጎሚኒ (የሚያርፍበት ላስቲክ) ስር ሮንዴላ፣ ማለትም ቀለበት ብረት፣ ተደራርቦ አገኘን። አዲሱ ካምቢዮ መቀመጫው አልገጥም ስላለ ከፍ አድርገው አሰሩት ማለት ነው።

ክሮቼራ አጠፍ ብሎ ሲዞር እኩል አይዞርም፤ በአንድ ዙር ሁለቴ ይፈጥናል፣ ሁለቴ ይዘገያል። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ክሮቼራ በእኩል ማዕዘን ከታጠፈ ያንን ያጣፋዋል፣ ካልሆነ ግን ሁሉም ወለሉ ላይ ይወጣል። በ80 ሻፍቱ በሰከንድ 40 ጊዜ ያህል ስለሚዞር ንዝረቱ እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርመው ለዚህ ነው። ጋሼ ክሮቼራዎቹን የሚይዙትን የሁለቱን ጫፍ ሹካዎችም አዩ፣ አንድ መስመር ላይ ነበሩ። ደግነቱ ክሮቼራውን ሲቀይሩ አላዛነፉትም።

ሮንዴላው ወጣ፣ መቀመጫው ቶርኖ ቤት ተስተካክሎ መጣ፣ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ በታች ወረደ። በ100 ነዳነው። መስታወቱ ጠርቶ ያሳያል።

የጠየቁን ሒሳብ ከክሮቼራው ዋጋ ያነሰ ነው። ስለ ምርመራው ስጨምር «እሱማ ማየት ነው፣ ሥራ አይደለም» ብለው መለሱልኝ፤ በግድ ኪሳቸው ከተትኩት። ገንዘብ የሚከፈለው ለመፍታትና ለመግጠም ብቻ ከሆነ መካኒኩ ለምን ይመርምር? ዕቃ መቀየር ነው የሚያበላው። እናንተ ከሄዳችሁ ገና ሳይከፈት «ለምርመራው እከፍላለሁ» በሉ፣ ሳትነዱት አትፍቱት ብላችሁም ያዙ።

አንድ የቀረ ጣጣ አለ። ሊብሬው ላይ ያለው የድሮው ሞተር ቁጥር ነው። ወንድሜ ቦሎ ከመድረሱ በፊት የሞተሩን ሰነድ ይዞ መንገድ ትራንስፖርት መሄድ አለበት፣ እስካሁን «ነገ» እያለ ነው።