ጤፍ ብቻ የሚፈጭበት የደሴ ወፍጮ ቤት፦ ግሉተን ለማይበሉ ልጆች ምን ያህል ይታመናል?

በደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ብዙም ሳይርቅ፣ በበሩ ላይ ምንም የንግድ ስም ያልተጻፈበት፣ የሰፈሩ ሰው ግን «የጤፍ ብቻው ወፍጮ» የሚለው አንድ ቤት አለ። ጤፍ ይፈጫል፣ የተፈጨ የጤፍ ዱቄት በኪሎ ይሸጣል፣ በትእዛዝ እንጀራ ይጋግራል፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ የጤፍ ዳቦና ብስኩት ማዘጋጀት ጀምሯል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ስለማሳድግና ምግቡንም በአብዛኛው ከዚህ ቤት ስለምወስድ፣ «ግሉተን ለማይበላ ልጅ ይህ ምግብ ይታመናል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይዘው ለሚመጡ የደሴና የኮምቦልቻ ወላጆች ይጠቅማል በማለት ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ዱቄቱና እንጀራው ለአብዛኛው ልጅ ያለ ስጋት የሚገዙ ናቸው፤ ዳቦው ገና ብዙ ይቀረዋል፤ በመሸጫው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን፣ ግሉተን የተወ ልጅ ከኦቲዝም ይድናል የሚለውን ተስፋ ግን ማንም ወላጅ አምኖ ወደ ቤቱ ይዞት ባይሄድ እመርጣለሁ።

«እኛ እንጀራ በላ ሕዝብ ስለሆንን ግሉተን አያሳስበንም» የሚል አስተያየት ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝ ከእሱ ነጻ ስለሆኑ አስተያየቱ ግማሽ እውነት አለው። ነገር ግን በወሎ ደጋ ገብስ የማይገባበት ቤት የለም፤ ጤፍ በተወደደ ቁጥርም እንጀራው ከገብስ፣ ከስንዴ ወይም ከማሽላ ጋር እየተቀላቀለ ይጋገራል። ንጹሕ ጤፍ ገዝቶ፣ በገዛ እጁ አበጥሮና ነፍቶ የሚያስፈጭ ሰው እንኳ ከወፍጮው አያመልጥም። በተለመደው ወፍጮ ቤት ከፊታችን የተሰለፈው ሰው ገብሱን አስፈጭቶ ሲወጣ የእኛ ጤፍ በዚያው ድንጋይ መካከል ያልፋል፤ በድንጋዩ ጥርስና በቋቱ ጥግ የቀረው የገብስ ዱቄትም ከእኛው ጋር ተደባልቆ ይወርዳል። ኮዴክስ አሊመንታሪየስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ መሠረት አንድ ምግብ ከግሉተን ነጻ የሚባለው በኪሎ ግራም ውስጥ ያለው ግሉተን ከ20 ሚሊ ግራም ሳይበልጥ ሲቀር ነው። በአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት ውስጥ አንድ ግራም የስንዴ ዱቄት ቢገባ ከዚህ ልክ ያልፋል። አንድ ግራም በጣት ጫፍ የሚነሳ ነገር መሆኑን ያሰበ ሰው፣ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ለምን ዋጋ እንዳለው አያጣውም።

የቤቱ ትልቁ ብርታት የሚታየው በር ላይ ነው። ለማስፈጨት የሚመጣ ጤፍ ከጆንያው ወጥቶ በሰፌድ ላይ ይፈሰሳል፤ ከዚያም በጠባብ ወንፊት ይነፋል። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በወንፊቱ ሲያልፍ የገብስና የስንዴ ፍሬ ከላይ ይቀራል፤ ብዙ ከቀረ ጤፉን አይቀበሉም፣ ለባለቤቱ ይመልሱለታል። ስንዴ ወይም ዱቄት ተይዞበት የነበረ ጆንያም እንዲሁ ይመለሳል። ይህን ቁጥጥር ለማጣራት ስል ጥያቄ ሳበዛባቸው ባለቤቲቱ ሳይሰለቹ ወፍጮውን ከፍተው አሳይተውኛል፤ «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ገብስ በዚህ በር አይገባም» ነበር መልሳቸው። ይህ ሁሉ በዓይንና በእጅ የሚደረግ ጥንቃቄ እንጂ በላቦራቶሪ የተለካ ውጤት እንዳልሆነ ግን መታወቅ አለበት። ሴሊያክ የተባለው የአንጀት በሽታ የተረጋገጠበት ልጅ ያላቸው ወላጆች ጥቂቱም ግሉተን ጉዳት ስለሚያደርስ፣ ከዚህ ቤትም ቢሆን ጤፉን በፍሬው ገዝተው አንድ በአንድ ቢያዩ ይሻላል።

እንጀራው ከዱቄቱ ያልተናነሰ ጥንቃቄ ይደረግለታል። ብዙ ሰው ዱቄቱን ብቻ ይጠይቅና እርሾውን ይረሳዋል። ከጎረቤት የተለመነ እርሾ ገብስ ከተቀላቀለበት ቡሖ የመጣ ከሆነ ንጹሑን ጤፍ ያበላሸዋል። ዳቦና ቂጣ የሚጋገርበት ምጣድ፣ ምጣዱ የሚወለወልበት ማሰሻ፣ ሊጥ የሚታሸበት ገበቴም እንዲሁ ናቸው። እዚህ ቤት እርሾው ከራሳቸው ቡሖ ብቻ እየተቀነሰ የሚቀመጥ ሲሆን፣ አብሲቱም ከዚያው ዱቄት ይጣላል፤ ምጣዶቹ ላይ ከጤፍ በቀር ሌላ አይጋገርም። ጣዕሙን በተመለከተ፣ በደሴ ብርድ ቡሖው በደንብ እስኪቦካ ስለሚጠብቁት እንጀራው ዓይናማና ለስላሳ ነው፤ ኮምጣጣነቱም ልኩን አያልፍም። በክረምቱ ግን አንዳንድ ጊዜ ሳይቦካ ተቸኩሎ የተጋገረ፣ ደረቅ ያለ እንጀራ ወስጃለሁና ይህን ቢያርሙት መልካም ነው።

ከንጽሕናው ቀጥሎ፣ ምናልባትም በእኩል ደረጃ፣ ኦቲዝም ላለበት ልጅ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ነገር አለመለዋወጥ ነው። ከእነዚህ ልጆች ብዙዎቹ የሚበሉት ምግብ ዓይነቱ ጥቂት ነው፤ የምግቡን ቀለም፣ ሽታ፣ ልስላሴና ቅርጽ ሌላው ሰው ከሚያየው እጅግ አጥብቀው ያዩታል። ልጄ ትናንት በነጭ ጤፍ የተጋገረውን ወዶ የበላ ሲሆን፣ ዛሬ በሰርገኛ ጤፍ የተጋገረ ቢቀርብለት እንደማያውቀው ምግብ ገፍቶ ይነሳል። ይህ ቅብጠት አይደለም፤ በልመናም በቁጣም አይለወጥም፤ ልጁ የሚያውቀውን መልክ ሲያጣ የሚሰማው ጭንቀት እውነተኛ ነው። በዚህ ረገድ የቤቱ አገልግሎት ልቤን ነክቶታል ማለት እችላለሁ። ችግሩን ካስረዳኋቸው በኋላ ከአንድ ዓይነት ጤፍ በርከት አድርገው በመለየት ለደንበኛ ልጆች ያስቀምጣሉ፤ ሊያልቅ ሲል ደግሞ አስቀድመው ስለሚናገሩ አዲሱን ከአሮጌው ጋር በጥቂት በጥቂቱ እየቀላቀልሁ ልጄን አለማምደዋለሁ። በከተማችን እንዲህ ያለ መረዳት ከምግብ ሻጭ ማግኘት የተለመደ አይደለም፤ ዋጋውን ከሚያስከፍሉት ነገሮች ሁሉ እኔ በደስታ የምከፍለው ለዚህኛው ነው።

ዳቦው ይህን ደረጃ አልደረሰበትም። የስንዴ ሊጥ ሲቦካ አየሩን አፍኖ ይዞ ዳቦውን የሚያነሳው ግሉተን ስለሆነ፣ እሱ የሌለበት የጤፍ ዳቦ በተፈጥሮው ዝቅ ያለና የሚፈረፈር መሆኑ የሚጠበቅ ነው። ተልባና እንቁላል እየጨመሩ ለማያያዝ መሞከራቸውም ያስመሰግናል። ችግሩ ግን መጠኑ፣ ውፍረቱና የላዩ ቀለም በየጋገሩበት ቀን መለያየቱ ነው። ለአዋቂ ይህ ምንም ላይሆን ይችላል፤ ከላይ ለገለጽሁት ዓይነት ልጅ ግን የማይበላ ዳቦ ነው። አንድ ልክ ያለው ቅርጽ ማውጫ ቢጠቀሙ ትልቁ ችግር ይፈታል። ብስኩቱ በአንጻሩ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ ስኳሩ ትንሽ ቢበዛም፣ ልጁን ይዤ ሰው ቤት ስሄድ ከቦርሳዬ አይጠፋም። በረመዳን ከጎረቤት የአጃ ሾርባና ሳምቡሳ ሲመጣ፣ በበዓል ድፎ ዳቦ ሲቆረስ፣ ልጁ ባዶ እጁን እንዳይቀር ያደርገዋል።

አሁን ወደ ወረቀቱ እመለሳለሁ። ከሚዛኑ በላይ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ግሉተን የተወ ኦቲዝም ያለበት ልጅ «አፉን እንደሚፈታ»ና «እንደሚድን» የሚገልጽ ጽሑፍ ተለጥፏል። ባለቤቲቱ አንድ ደንበኛ በቅንነት እንዳመጣው ነገሩኝ፤ ቅንነቱን አልጠራጠርም። ነገር ግን ጽሑፉ የሚለው በጥናት የተደገፈ አይደለም። ሐሳቡ የመነጨው እ.ኤ.አ. በ1979 ጃክ ፓንክሴፕ የተባሉ ተመራማሪ ካቀረቡት መላ ምት ነው፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ይህን አስፍተው፣ ግሉተንና የወተት ፕሮቲን የሆነው ኬዚን በሆድ ውስጥ በሚገባ ሳይፈጩ ሲቀሩ በአንጎል ላይ እንደ ማደንዘዣ የሚሠሩ ቅንጣቶች ይፈጥራሉ አሉ። ሐሳቡ ሲፈተሽ ግን አልጸናም። በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግሉተንና ኬዚን ያቆሙ 14 ትናንሽ ልጆችን መርጠው፣ ወላጆችም ሆኑ መርማሪዎች የትኛው ቀን ምን እንደተሰጠ ሳያውቁ፣ ግሉተን ወይም ኬዚን ያለበትንና የሌለበትን ምግብ እያፈራረቁ ሰጧቸው፤ በባሕርይም፣ በእንቅልፍም፣ በሆድ ሁኔታም የሚታመን ልዩነት አላገኙም። የልጆቹ ቁጥር ጥቂት መሆኑ እውነት ነው፤ በጥናቱ ውስጥ የገቡትም ሴሊያክ የሌለባቸው ናቸው። ቢሆንም የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ኦቲዝምን ለማከም ተብሎ ግሉተን ወይም ኬዚን ከልጆች ምግብ እንዳይወጣ በግልጽ መክሯል።

እንዲህ ስል ግሉተን መተው ለማንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። የሆድ ድርቀት፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ በብዛት ይታያሉ፤ መናገር የማይችል ልጅ ደግሞ ሕመሙን የሚነግረን በለቅሶ፣ ራሱን በመምታትና እንቅልፍ በማጣት ነው። ሴሊያክ ወይም የስንዴ አለርጂ ያለበት ልጅ መንስኤው ሲወገድለት ሕመሙ ይቀልለታል፤ ሕመሙ ሲቀልለትም ጠባዩ ይረጋጋል። ይህ ግን ከስቃይ መገላገል ነው እንጂ ከኦቲዝም መዳን አይደለም። የእኔም ልጅ ግሉተን የተወው ለሆዱ ሕመም በሐኪም ምክር ነው፤ ሆዱ ተሽሎታል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ለውጥ ግን ለንግግር ልምምዱ፣ ለአስተማሪው ትዕግሥትና ለዕድሜው እንጂ ለጤፉ አልሰጠውም። ስለዚህ ግሉተን ለማቆም ያሰበ ወላጅ ሁሉ ከማቆሙ በፊት ልጁን ወደ ሐኪም ይውሰድ፤ ለሴሊያክ የሚደረገው የደም ምርመራ ትክክለኛ ውጤት የሚሰጠው ልጁ ግሉተን እየበላ ሳለ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከተቋረጠ በሽታው እያለም የሌለ ሊመስል ይችላል። ወተቱን፣ እርጎውንና አይቡንም አብሮ ለማስተው ለሚያስቡ ደግሞ፣ ምግቡ ቀድሞም ጥቂት ለሆነ ልጅ ካልሲየሙንና ፕሮቲኑን ከየት እንደሚተኩለት ሳያውቁ እንዳይጀምሩ እለምናለሁ።

ወረቀቱ የሚያሳዝነኝ ስለ ሳይንሱ ብቻ አይደለም። በአገራችን ኦቲዝም ለረጅም ጊዜ እንደ እርግማን ሲታይ ኖሯል፤ በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ሕይወታቸው እስካለፈበት እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ የደከሙት ያንን ሸክም ከእናቶች ትከሻ ላይ ለማውረድ ነበር። «ዳቦ ባትሰጪው ኖሮ ይናገር ነበር» የሚል ቃል ደግሞ ያንኑ ሸክም መልኩን ለውጦ በእናትየዋ ላይ መልሶ ይጭናል። ልጇ ባይናገር ጥፋቱ የእሷ ማዕድ ይሆናል ማለት ነው። አንዲት እናት ወረቀቱን አንብባ ስንት ኪሎ ቢበላ እንደሚናገር ስትጠይቅ በአጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ። ባለቤቲቱ ምንም ዋስትና እንደማይሰጡ በትሕትና ነገሯት፤ ወረቀቱ ግን እስካሁን አልተነሳም፤ እንዲነሳም ደጋግሜ ጠይቄአለሁ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ የሚሠራ ቤት ያልሆነውን ተስፋ መሸጥ አያስፈልገውም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ዱቄቱ ከገበያው የጤፍ ዱቄት ወደድ ይላል፤ ወንፊቱን፣ መለየቱንና የሚመለሰውን ጆንያ ስንቆጥር ግን ያለ አግባብ የተጨመረ አይመስለኝም። ለመላው ቤተሰብ ከዚህ መግዛት ለማይችል ሰው፣ ለልጁ ብቻ ለይቶ መውሰድና በቤትም እርሾውን፣ ምጣዱንና ወንፊቱን መለየት በቂ ነው። ከኮምቦልቻ የምትመጡ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ባዶ እጃችሁን እንዳትመለሱ እንጀራውን በዋዜማው በስልክ እዘዙ፤ ሰኞ ቀን ገበያው ስለሚጨናነቅ ሌላ ቀን ምረጡ። እንጀራውን ለብዙ ቀን ከመውሰድ ይልቅም ዱቄቱን ወስዶ እዚያው መጋገር ይሻላል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ቡሖው ከደሴው ቀድሞ ስለሚደርስ የማቡኪያውን ጊዜ ማሳጠር ያስፈልጋል። ልጃችሁ የሚበላው ነጩን ይሁን ሰርገኛውን ገና በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፤ ስሙን ጽፈው ለይተው ያስቀምጡለታል።