ወንጪ ወይስ መናገሻ ሱባ?

ከአዲስ አበባ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ ሁለቱም ይሆናሉ። ወንጪ ሐይቅ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በሌሊት ካልተነሳችሁ ቀኑ መንገድ ላይ ያልቃል። ግን አፋፉ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ሐይቁን ስታዩት ድካሙ ይረሳል። ታች ጀልባ አለ፣ ደሴቷ ላይ የቂርቆስ ገዳም፣ ዙሪያውን የእንሰት ጓሮ። ዳገቱን ለሚፈራ ፈረስ ይከራያል፤ ዋጋውን ግን ሳትወጡበት በፊት ተነጋገሩ! አፋፉ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ጃኬት የግድ ነው።

የሱባ ደን ቅርብ ነው፣ ወጨጫ ተራራ ላይ። ሐይቅ የለውም። ያለው ያረጀ ጥድና ዝግባ ነው፤ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ያስተከሉት ነው ይባላል። ድምፅ ካላሰማችሁ ጉሬዛው ነጭ ጭራውን እያንዘረፈፈ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ታያላችሁ። ምሳ ቋጥሮ መሄድ ነው።

ልጆች ካሉ እኔ ሱባን እላለሁ። እንግዳ ከውጭ ከመጣ ግን ያለጥርጥር ወንጪ።