ጊት የጋራ ኮድን በመያዝና ከጥፋት በመጠበቅ ረገድ ምን ያህል ይታመናል?

ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ለሊነክስ ከርነል (ለሊነክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት) ሥራ ብሎ የጀመረው ጊት፣ ማለትም የኮድ ለውጦችን እየመዘገበ የሚይዘው ፕሮግራም፣ ዛሬ በቡድን ለሚሠሩ የሶፍትዌር ባለሙያዎች የዕለት ተዕለት መሣሪያ ሆኗል። ከሁሉ በላይ የምወድለት፣ ኮዱን ክሎን ያደረገ (ወደ ራሱ ኮምፒውተር የገለበጠ) እያንዳንዱ የቡድን አባል የመጨረሻውን ቅጂ ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ያለውን የለውጥ ታሪክ የሚይዝ መሆኑን ነው። አንድ ባልደረባችን በስሕተት «ፎርስ ፑሽ» አድርጎ (የሰርቨሩን ቅጂ በራሱ ቅጂ በግድ ተክቶ) በጋራው ሰርቨር ላይ የነበረውን የሁለት ቀን ሥራ በደመሰሰው ጊዜ፣ ሥራው ሳይነካ የተገኘው በሌላ ባልደረባችን ላፕቶፕ ላይ ነበር፤ መልሳ ስትልከው አንድም መስመር አልጎደለም። «ሪፍሎግ» የተባለው ትእዛዝም ከቅርንጫፍ (ከተለየ የሥራ መስመር) የተነጠሉ ኮሚቶችን (የተመዘገቡ ለውጦችን) በተለመደው አሠራሩ ለ30 ቀናት ያህል ስለሚያስታውስ፣ ብዙ ጭንቀት አቃልሎልኛል።

ይሁን እንጂ ጊትን ብቻውን እንደ መጠባበቂያ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው። ሰርቨሩን በየሰዓቱ እንዲከተል የተዘጋጀ ሚረር (ራሱን የሚያድስ ግልባጭ)፣ እዚያ የተሰረዘውን ቅርንጫፍ እርሱም ተከትሎ ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ «ጊት ባንድል» በሚለው ትእዛዝ ታሪኩን በአንድ ፋይል ጠቅልዬ፣ ቀኑን ጽፌበት፣ ከሰርቨሩ ውጭ አስቀምጠዋለሁ፤ ከዚያም በባዶ ማሕደር ውስጥ ክሎን አድርጌ ኮዱ በትክክል መከፈቱን አረጋግጣለሁ። በሰርቨሩ ድረ ገጽ ላይ የሚደረጉ የኮድ ግምገማ ውይይቶች ግን በዚህ ፋይል ውስጥ ስለማይገቡ ለብቻቸው መገልበጥ አለባቸው። ትልልቅ የቪዲዮና የምስል ፋይሎችን በተመለከተ ጊት በግልጽ ደካማ ነው።